ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልን የልብ ክትትል መመሪያ ስላልደረሰን የቀረበ ቅሬታ

ለብርሃን ሕክምና ክፍል ኃላፊ

እኛ የታካሚውን ልብ የምንከታተል ክፍል ነን። ለምግብ ቧንቧው የታዘዘለት ሕክምና ፖርፊመር ሶዲየም የተባለው መድኃኒት አስቀድሞ በመርፌ ተሰጥቶ፣ በኋላ በሌዘር ቀይ ብርሃን የሚቀሰቀስበት ነው። ማኅደሩ በእጃችሁ ስለሆነ ሌላውን አንደግመውም። የምንጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። ከመርፌው በፊት በጽሑፍ ይደርሳችኋል ያላችሁት የልብ ክትትል መመሪያ ዛሬ ነገ ሲባል ሦስት ሳምንት ሞላው። ማክሰኞ ለአራተኛ ጊዜ ስንደውል ስልኩን ያነሱት ባለሙያ «እኛ የምናክመው የምግብ ቧንቧ ነው፤ ልብ ምን አገባው? ደግሞ ብርሃን ነው እኮ፣ ጨረር አይደለም» አሉን። «ይጠብቁ» ብለው ሄዱ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቅን፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ልብን ምን እንዳገባው፣ ካልሰለቻችሁ፣ እንንገራችሁ። የምግብ ቧንቧ የሚያልፈው ከግራው ኤትሪየም (ከልብ የላይኛው ግራ ክፍል) ጀርባ ተጠግቶ ነው። የ630 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ጥቂት ሚሊሜትር ጠልቆ ይገባል፤ ብግነቱ ከቧንቧው ግድግዳ ካለፈ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የልብ ምት መዛባት ሊያስነሳ፣ በሳንባ ሽፋን ውስጥም ውኃ ሊቋጥር ይችላል። የልብ ምት መዛባቱ በራሱ በፖርፊመር ሶዲየም መግለጫ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። በዚያ ላይ ታካሚው መዋጥ ሲያቅተውና ሲያስመልሰው ፖታሲየሙ ይወርዳል፤ የአሲድ መቀነሻውን ለረጅም ጊዜ ከወሰደም ማግኒዚየሙ ዝቅ ሊል ይችላል። ደረቱን ሲያመው «የቧንቧው ቁስል ነው» ብሎ ያለ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ማለፍ የሚያስፈራን ለዚህ ነው። ምቱ ቢዛባ ደግሞ አሚዮዳሮን የተባለው የምት ማስተካከያ መድኃኒት በችኮላ እንዳይታዘዝ፤ እሱም ቆዳን ለብርሃን ያጋልጣል።

ቀጠሮውንም ሳናነሳ አናልፍም። በኪሎ 2 ሚሊግራም ለሚሰጠው መርፌ ቀጠሮ የያዛችሁት ለዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ብርሃኑ ከመርፌው በኋላ ከ40 እስከ 50 ሰዓት ባለው ጊዜ መሰጠት አለበት፤ ይህም ከቅዳሜ እኩለ ሌሊት እስከ እሑድ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። እሑድ የሌዘር ክፍላችሁ ዝግ ነው! በራሪ ጽሑፋችሁም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይመክራል። ቅባቱ የሚያግደው አልትራቫዮሌትን ነው፤ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው የሚታየው ብርሃን ነው። ቢያንስ ለ30 ቀን የሚያስፈልገው ልብስ፣ ጓንትና ጥቁር መነጽር ነው። ጨለማ ክፍል ይቀመጥ ማለታችሁም ስሕተት ነው፤ መጠነኛ የቤት ውስጥ ብርሃን በቆዳ ላይ የቀረውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያከስመዋል።

በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በፊርማና በማኅተም እንዲደርሰን የምንጠይቀው፦ ከመርፌው በፊት ኢሲጂ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም እንደሚሠራ፣ ከብርሃኑ በኋላ ምቱን ማን በየስንት ሰዓቱ እንደሚለካ፣ የደም ማቅጠኛውን ማን አስቁሞ ማን እንደሚያስጀምር፣ ሌሊት የሚደወልበት ስልክ። የማክሰኞውን ንግግር በተመለከተም የጽሑፍ ይቅርታ እንጠብቃለን። ይህ ካልሆነ መርፌው ተሰርዞ፣ የተከፈለው ተመልሶ፣ ማኅደሩ የምግብ ቧንቧን በብርሃን ሳይሆን በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ወደሚያክም ማዕከል ይላክልን።

ከሰላምታ ጋር
ታካሚውን የሚከታተለው የልብ ሕክምና ክፍል

ግልባጭ፦
ለሕክምና ጥራት ክፍል