ሦስቱንም ፕላን አይቻቸዋለሁ

ቤይሩት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቡሽ፤

እንደምን አለህልኝ? እማዬስ? ሚሚስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚሁ ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ይህን ደብዳቤ የምትይዝልኝ ልጅ ነገ በማለዳ ትበራለች። በድምፅ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ግን ሥዕል አለበት፣ ሥዕል ደግሞ በአፍ አይነገርም።

ዝም ያልኩህ አኩርፌ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አኩርፌያለሁ። እማዬ መስከረም ላይ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ መውደቋን የሰማሁት ከአንተ አፍ አይደለም። ሚሚ ስለ ቬሎ ስታወራኝ አምልጧት ነው። «አንቺ እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አልከኝ። እኔ በሰማሁ ጊዜ ቁስሏ ደርቆ ነበር። ሌላ ጊዜ እንዲህ አታድርገኝ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ አራት ወር ሙሉ ምንም እንዳልላክሁ አውቃለሁ። ስትጠይቀኝ ላለመጠየቅ እየሞከርክ እንደጠየቅኸኝም ገብቶኛል። ብሩን የትም አልበተንኩትም። ጥርሴን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አልፏል። ማክሰኞ 500 ዶላር በባንክ አስገብቻለሁ። ከእሱ ላይ መጀመሪያ የእማዬን የደም ብዛት መድኃኒት የሦስት ወር ግዛ፤ የተረፈው ለብሎኬት ነው። ዶላሩ ተወደደ ብላችሁ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ ሲሚንቶና ፌሮውም አብሮት ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ላክህልኝ የቤት ፕላኖች።

«ፕላን ማንበብ ከየት ተማርሽ?» ትለኝ ይሆናል። የማዳም ባል መሐንዲስ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቶ ነው የሚያድረው፤ እኔ ጠዋት አንስቼው፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ እንደነበረ እመልሰዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳነሣው ሳስቀምጠው ዓይኔ ለመደው። ሩብ ክብ የምትመስለው መስመር የበሩ አከፋፈት ናት። የተቆራረጠው መስመር ከራስ በላይ ያለ ነገር ነው። ባለ 1 ለ100 ሥዕል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ሜትር ነው። ሌላውን ያስተማረኝ ማጽዳቱ ነው። የትኛው በር ከየትኛው ጋር እንደሚላተም፣ የትኛው ጥግ መጥረጊያ እንደማያስገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መሐንዲሱም ቢሆን።

እናም ሁሉም ከተኙ በኋላ ሳሎን ወጥቼ የወለሉን ሴራሚክ ቆጠርኩ። አንዱ 40 በ40 ነው፣ አሥሩ አራት ሜትር ይሞላል። የአንተን ፕላኖች ተራ በተራ እዚያ ላይ ዘረጋኋቸው። በር ባለበት ነጠላ ጫማ፣ አልጋ ባለበት ፎጣ አስቀምጬ፣ በእማዬ አረማመድ እያነከስኩ ዞርኩባቸው። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር።

አንደኛዋ፣ ባለ 84 ካሬዋ ቪላ፣ አንተ የናቅካት ናት። «የድሃ ቤት ትመስላለች» ብለሃል። 8 በ10.5 ናት፤ ቦታችን 10 በ20 ስለሆነ ከጎን የሁለት ሜትር መተላለፊያ፣ ከኋላ ለጭስ ቤትና ለእማዬ ጎመን መደብ ይተርፋል። ሳሎኗ 4 በ5 ነው። ትንሽ እንዳይመስልህ፤ የአባዬ የጭቃ ቤት ሳሎን ስንት ነበር? የተዝካሩ ቀን እዚያ ውስጥ ስንት ሰው ተቀምጦ በላ? ጉድለት የላትም አልልህም። መታጠቢያ ቤቷና ማድ ቤቷ ማዶ ለማዶ ናቸው፤ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ብታደርጋቸው ውሃውም ፍሳሹም በአንድ ግድግዳ ይሄዳል፣ ቧንቧውም ያንሳል። ኮሪደሯም 1.20 በ6 ነው፤ ማንም የማይቀመጥበት ሰባት ካሬ። ድሮ ሦስታችን የተኛንበት መደብ ሰባት ካሬ አይሞላም ነበር።

ሁለተኛው ጂ ፕላስ ዋኑ ነው። ልብህ እሱ ላይ እንዳረፈ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፤ በረንዳው ላይ አበባ ሳይቀር አሥለሃል። ታች 70፣ ላይ 70፣ በድምሩ 140 ካሬ። እስቲ አብረን እንቁጠር። ደረጃው 2.10 በ3.80 ነው፤ ስምንት ካሬ ማለት ነው። ታችም ስምንት ይበላል፣ ላይም ስምንት ይበላል። አንድ ሰፊ መኝታ ቤት በደረጃ ሄደ። ከወለል እስከ ወለል ሦስት ሜትር ከሆነና አንዱ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ 18 እርከን ነው። ሦስቱም መኝታ ቤቶች ደግሞ ላይ ናቸው። እማዬ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ አንተ ታውቃለህ። «ታች እናነጥፍላታለን» ልትለኝ ነው። የት? እንግዳ በመጣ ቁጥር ተጠቅልሎ የሚነሣ ፍራሽ ላይ? በገዛ ቤቷ?

ደረጃ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ። እኛ ስድስተኛ ፎቅ ነን። አሳንሰር አለ ብያችሁ ነበር፤ አለ። መብራት ሲኖር ይሠራል። መብራቱ ግን… ተወው። 108 እርከን ነው። ውሃ ይዤ ስወጣ ስለምቆጥረው አልሳሳትም። ለእኔ አታስብ፣ እኔ ጉልበቴ ደህና ነው።

ፎቅ የፈለግኸው ለሰው ዓይን ብለህ እንደሆነም አላጣሁትም። ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ባለ ፎቅ ናቸው፤ ሚሚ ከጭቃ ቤት ወጣች እንዳይባል ነው። አልፈርድብህም። «እህቱ አረብ አገር ዘጠኝ ዓመት ኖራ ምን ሠራች?» እንዳይሉም ነው መሰለኝ፤ ይህንን አንተ አላልክም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ሦስተኛው ከኢንተርኔት ያወረድከው ነው፤ 112 ካሬ፣ ኤል ቅርጽ። ማማሩን አልክድም። ግን ይህን ቤት የሣለው ሰው ደብረ ብርሃንን በሕልሙም አላያት። ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዚህ ወር ውርጩ ሣሩን በሚያቃጥልበት አገር! የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ውስጥ! መስታወቱ ወደ ምሥራቅ ቢሆን እንኳ የጠዋት ፀሐይ ባስገባ፤ በእኛ ቦታ ላይ አዙሬ ሳስቀምጠው ግን ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ደግሞም እኔ መስታወት አልወድም። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ «ከእኛ ሩቅ ነው፣ ምንም አልሆንኩም» ብያችሁ የለ? ምንም አልሆንኩም፣ እውነት ነው። የጠረግሁትን መስታወት ግን እኔ ነኝ የማውቀው። መስኮት ይኑረን፤ ግድግዳ የሚያህል አይሁን።

ማድ ቤቱም ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ ነው፤ ኦፕን ኪችን ይሉታል። ሰላጣ ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው። እኛ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ በርበሬ ሲታመስ ያ ነጭ ሶፋ ምን ሊሆን እንደሆነ አስበህዋል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብትገዙም መብራት የጠፋ ቀን ማገዶ ነው። ጭሱን ሳስብ ዛሬ ሚካኤል መሆኑ ትዝ አለኝ። ኅዳር ሲታጠን! በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ሲነድ፣ መንደሩ ሁሉ በጭስ ሲሸፈን፣ እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ስትቆሰቁስ… እዚህ ዛሬ ሙሉ ቀን በረንዳ እያጠብኩ ያ ጭስ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ማዳም «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ሽንኩርት ነው አልኳት። ሽንኩርት አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለእማዬ አታንብብላት። ስለ ሚሚ እስከማወራበት ድረስ ዝለለው።

በዚሁ በሦስተኛው ፕላን ላይ ከማድ ቤቱ ጀርባ አንዲት ሳጥን አለች። 1.80 በ2.20። መስኮት የላትም። «የሠራተኛ ክፍል» ይላል። የተጻፈው በእጅህ ነው፤ «ሠ»ህን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃታለሁ። «ፕላኑ ላይ የነበረ ነው» ትለኛለህ። ነበረ፣ በእንግሊዝኛ። ወደ አማርኛ የመለስካት አንተ ነህ። ስትጽፋት እጅህ ትንሽ እንኳ አልቆመም?

እኔ የቆጠርኩት የሳሎኑን ሴራሚክ ብቻ አይደለም። እዚህም ከማድ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። አምስት ሴራሚክ በአምስት ሴራሚክ ናት። ከአንተዋ በምንም አትበልጥም፤ እንዲያውም የልብስ ማጠቢያው ማሽን እዚያው ስለሆነ ታንሳለች። ሮዝ መጋረጃ ያለው፣ ጠረጴዛና መስታወት ያለው፣ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ያሳየችው ፎቶ የማዳም ልጅ ክፍል ነው። ልጅቷ ለትምህርት ፈረንሳይ ከሄደች በኋላ ስጠርገው የተነሣሁት ነው። ዋሸሁ። ምን ልላችሁ ነበር? እግሬን ስዘረጋ ማሽኑን እነካለሁ ልበላችሁ? በደል የለብኝም፣ አይመቱኝም፣ ይከፍሉኛል። ክፍሏ ግን ያቻት ናት።

ስለዚህ ያቺን ሳጥን አጥፋልኝ። ሦስተኛውን ፕላን ባንሠራውም አጥፋት። ለእማዬ የምታግዛት ልጅ ብታመጡ ባለ መስኮቱ ክፍል ይሰጣት። በፕላኑ ላይ «የእታለም» ብለህ የጻፍክበት ሰፊው ክፍል አለ አይደል? እሱን ስጧት። እኔ እስክመጣ ባዶውን ከሚቀመጥ ሰው ይደርበት። ስመጣ እንነጋገራለን።

ሚሚዬ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው። ጥር 17ን ከፊቴ ቀን መቁጠሪያ ላይ ከብቤዋለሁ። እንደማልመጣ ነግሬሻለሁና ደግመሽ አታስለቅሺኝ፤ ከወጣሁ መመለሻዬ አይታወቅም። ሙሽራሽ አዲስ አበባ ስለተከራየው ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም «ቁም ሣጥን ነው እንጂ ቤት አይደለም» ብለሽ የላክሽውን ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ጠባብ ቤት አያስከፋሽ፤ ብቻ አልጋውን ከበሩ ትይዩ አታድርጊው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ደረጃ የሚወጣው ሁሉ ያይሻል። ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጎን አድርጊው፣ ከእግርጌው መጋረጃ ስቀይበት። እንጀራም እዚያች ክፍል ውስጥ አትጋግሪ። የኮንዶሚኒየም ግቢ ሲሠራ ለእንጀራና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠርቶለታል፤ የእናንተው ለሌላ ነገር ካልዋለ እዚያ ሂጂ፤ ጎረቤትም እዚያ ነው የሚገኘው። በልጅቷ እጅ የላክሁልሽ አልጋ ልብስ ለ1.50 አልጋ ነው። የ1.20 ከገዛችሁ ግን ወለል ይጠርጋል፣ ያኔ እጠፊው። ደግሞ ሲያለብሱሽ ፀጉርሽን በጣም አታስጎትቺ፣ ራስሽን ያምሻል።

አቡሽ፣ ከወረቀቱ ጀርባ የሣልኩት አራተኛው ነው። አትሳቅብኝ፣ መስመሩ በማስመሪያ አይደለም፣ በብስኩት ካርቶን ጠርዝ ነው። አንደኛዋን ቪላ ነው የወሰድኩት። ኮሪደሩን ወደ ሦስት ሜትር አሳጥሬ ትርፉን ለሳሎኑ ሰጠሁት። የእማዬ ክፍል ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን ነው፣ ከአልጋዋ እስከ በሩ አምስት እርምጃ፤ መስኮቷ ወደ ምሥራቅ። በሮቿ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፤ ለከዘራም ለሌላም ይሆናል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ውስጥ ብትወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በሰውነቷ ይያዛል። መግቢያው ላይ ደረጃ አታድርግ፤ ወለሉ ከግቢው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 3.60 ሜትር የሚረዝም ዘቅዛቃ መሄጃ በቂ ነው።

የአንተን ፎቅ ደግሞ አልከለከልኩህም። መሠረቱና ኮለኑ ከአሁኑ ለጂ ፕላስ ዋን ይሰላ፤ መሐንዲስ አስልቶ ይፈርምበት፣ ፈቃዱም በዚያው ይውጣ። ለጊዜው ቆርቆሮ እናልብሰው። ስታገባ ያኔ ወደ ላይ ትቀጥላለህ፣ 18ቱን እርከን አንተና ሚስትህ ትወጡታላችሁ። የተረፈውን ፌሮ ብቻ ዝናብ ላይ እንዳትተወው፣ ዝገት ይበላዋል። የአባዬን ቤት ስታፈርሱ የመሃሉን ምሰሶ ለማገዶ እንዳትሰጡት፤ ጽድ ነው፣ ለበረንዳው ይሆናል።

አንድ ነገር ልከህ ላክልኝ። እማዬ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ግድግዳውን የምትደገፍበት ቦታ አለ፤ እጇ የሚያርፍበት ላይ ምልክት አድርግና ከወለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ጻፍልኝ። መያዣ ብረቱን እዚህ ልገዛው ነው። ስትለካ ግን ለምን እንደሆነ አትንገራት፤ ካወቀች ቀና ብላ ነው የምትነሣልህ።

እህትህ እታለም