ማጣሪያው ከቀረጥ ነፃ ገባ፤ የሚበላውስ?

ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚያስፈልጉ ኬሚካሎችና መለዋወጫዎች አቅርቦትን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የምሠራው ሞጆ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲመጡ ቀጥታ የሚሄዱት ወደ መውጫው ቱቦ ነው። ጠርሙሳቸውን ሞልተው ይሄዳሉ። ያለ ማስጠንቀቂያ ገብተው ናሙና እንዲወስዱ ሥልጣን የሰጣቸው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ተገቢ ሥልጣን ነው። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ግን አንዳቸውም ስቶር ገብተው "አሉም ስንት ከረጢት ቀራችሁ?" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም (አሉም በውኃ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ እየያዘ የሚያዘቅጥ ኬሚካል ነው)። የዛሬ ወር ቱቦው ላይ የሚታየው ውኃ ግን ዛሬ ስቶር ውስጥ ባለው ነገር ይወሰናል።

አዋጁን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ማበረታቻ የሚናገረውን አንቀጽ 10 ልጥቀስ። ብክለትን ለመቆጣጠር የሚያገለግል አዲስ መሣሪያ፣ ባለሥልጣኑ ካረጋገጠ፣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ይገባል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚናገረው ግን ስለ መሣሪያው ብቻ ነው። መሣሪያው በየቀኑ ስለሚበላው ኬሚካል፣ በየጊዜው ስለሚቀየረው ሜምብሬን (ውኃ የሚያጣራ ስስ ወንፊት)፣ አየር ስለሚነፋው ብሎወር ቺንጋ አንድም ነገር አይልም። ምጣዱን ከቀረጥ ነፃ አስገብተን ጤፉን ረሳነው።

የሚበላው ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በእኛ ሥራ ላሳያችሁ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ክፉ ውኃ አለ። አንዱ ፀጉር ከሚረግፍበት ክፍል ይመጣል፤ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ አለበት። ሌላው ቆዳው በክሮም ከሚለፋበት ይመጣል፤ አሲድ አለበት። ሰልፋይዱ ሳይወገድ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ሰልፋይድ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጥቂት ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፤ ሰው ጋዙ የጠፋ ይመስለዋል። ከዚያ ካለፈ በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል።

ስለዚህ የሰልፋይዱ ውኃ ለብቻው ገንዳ ውስጥ አየር ይነፋበታል። ጥቂት ማንጋኒዝ ሰልፌት ሲጨመርበት ሰልፋይዱ በሰዓታት ውስጥ ይከስማል። ማንጋኒዝ ሰልፌቱ ካለቀ አየሩ ብቻውን ይንቀራፈፋል። ምርት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ገንዳው ይሞላል፤ የሞላው ወደ ቀጣዩ ይፈስሳል፤ እዚያ አሲዱ አለ። የአንድ ከረጢት ዱቄት መጥፋት የወንዙ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገንዳ ሊያጸዳ የሚወርደው ሠራተኛ ሕይወት ጉዳይም ነው።

የክሮሙ ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.5 አካባቢ ሲደርስ ክሮሙ ይዘቅጣል። ከዚያ አሉም፣ ቀጥሎ ዝቃጩን የሚያያይዝ ፖሊመር፣ በመጨረሻ የቀረውን ቆሻሻ የሚበላ ባክቴሪያ። ባክቴሪያ ትዕግሥት የለውም። ብሎወሩ በአንድ ኩሽኔታ ሰበብ ቢቆም አየር አጥቶ ያልቃል፤ እንደገና ማራባት ሳምንታት ይፈጃል። ኩሽኔታው መርካቶ ሶማሌ ተራ ከተገኘ ዕድለኞች ነን። ካልተገኘ ፕሮፎርማ፣ ባንክ፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና)፣ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ። ከኅዳር 2016 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ በኩል ሲዞሩ ሰንብተዋል።

የዶላር ነገር ተሻሽሏል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ባንክ ተራ መጠበቁ ቀሏል። ግን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የማጣሪያው በጀት በብር የተያዘ ነው። ያው በጀት ግማሽ ያህል ኬሚካል መግዛት ጀመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፋብሪካ ባለቤቶችም ልናገር። ባለቤቱ ያለው ዶላር ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ክሮም ይገዛል እንጂ አሉም አይገዛም። ክሮም ከሌለ ቆዳ የለም። አሉም ከሌለ ቆዳው ይወጣል፤ ውኃው ብቻ ነው ቆሽሾ የሚወጣው። ግዥ ክፍል የማጣሪያ ጥያቄ የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ፖሊመርም "ፖሊመር" ተብሎ ብቻ ይገዛል፤ ቻርጁ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ማንም አይጠይቅም። ከረጢቱ ሲከፈት ዝቃጩን አይዝም። ላብራቶሪ ውስጥ በብርጭቆ ሞክረን ስንናገር ገንዘቡ ተከፍሏል። ስለዚህ ቀረጥ ማንሳት ብቻውን ችግሩን ይፈታል ብዬ አላስብም። ማስገደድም ያስፈልጋል።

ወደ ጉምሩክ ልመለስ፤ የማይታየው ችግር እዚያ ነው ያለው። በታሪፍ መጽሐፉ አሉም ምዕራፍ 28 ውስጥ ነው፣ ከኬሚካሎች ጋር። ውኃ ለማጣራት የምንጠቀምበት ፖሊመር፣ ማለትም ፖሊአክሪላማይድ፣ ምዕራፍ 39 ውስጥ ከፕላስቲክ ጋር ተቀምጧል። የነቃ ከሰል ምዕራፍ 38 ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ የሚይዘው የጨርቅ ከረጢት ምዕራፍ 59 ነው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ጋር። ሜምብሬን ምዕራፍ 84 ነው፣ ከማሽን ጋር። ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ በመጽሐፉ ግን አይተዋወቁም። ታዲያ በዚህ ዓመት አገሪቱ ስንት ብክለት መቆጣጠሪያ ዕቃ አስገባች ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከየት ይመጣል? ማንም እንደ አንድ ነገር ካልቆጠረው እጥረቱንም ማንም አያየውም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ እንግዲህ ዝርዝር ነው። ከነታሪፍ ቁጥራቸው የተጻፉ የብክለት መቆጣጠሪያ ዕቃዎች ዝርዝር አውጡ። ለጉምሩክ ኮሚሽንና ለብሔራዊ ባንክ ላኩት። የአንቀጽ 10 ማበረታቻም በዝርዝሩ ላሉ ፍጆታዎች እንዲዘረጋ ጠይቁ።

ይህ ለማጭበርበር በር ይከፍታል የሚል ይኖራል። ይከፍታል። ኮስቲክ ሶዳ ለማጣሪያም ለምርትም ይሆናል፤ አንዱ ለማጣሪያ ብሎ አስገብቶ ለምርት ሊያውለው ይችላል። መቆጣጠሪያው ግን ቀላል ነው። አንድ ፋብሪካ በቀን 500 ሜትር ኩብ ውኃ አጣራለሁ ካለ፣ በሊትር 300 ሚሊግራም አሉም የሚፈልግ ከሆነ፣ በቀን 150 ኪሎ ይበላል። ባለ 50 ኪሎ ሦስት ከረጢት ነው። የስቶር ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያው) በወር አሥር ከረጢት ወጪ ካሳየ ማጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም ማለት ነው። የጠርሙስ ናሙና የሚያሳየው የዚያን ሰዓት ውኃ ብቻ ነው። ካርዱ የወሩን ሁሉ ይናገራል። (ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን ብቻ የሚነሳ ብሎወር እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።)

ሁለተኛው ጥያቄ ክምችት ነው። ጤና ዘርፉ ይህን ያውቅበታል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በጅምላ ይገዛል፤ ተዘዋዋሪ ፈንድ አለው፤ ሆስፒታሉ እየከፈለ ይወስዳል። ለማጣሪያ ኬሚካልም አነስ ያለ እንዲህ ያለ አሠራር ይቻላል። ቦታ ፍለጋ መሄድም አያስፈልግም። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ እዚሁ ሞጆ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎቹም እዚሁ ናቸው። የጋራ መጋዘን እዚህ ቢከፈት ለአዲስ አበባም ለአዳማም ቅርብ ነው። ገንዘቡን ፋብሪካዎቹ ያዋጡ፤ መንግሥት መጋዘኑንና አሠራሩን ይስጥ። ክምችቱ ግን መዞር አለበት። ፖሊመር እርጥበት ይስባል። የክሎሪን ውሁድ ፈሳሽ (ሃይፖክሎራይት) በሙቀት ኃይሉን ያጣል። ሜምብሬንም ለዘላለም አይቀመጥም። ገዝቶ ቆልፎ መርሳት አይሠራም።

የአገር ውስጥ ምርትም አለን። አዋሽ መልካሳ አሉም ያመርታል። ባቱ ኮስቲክ ሶዳ ያመርታል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ከጅቡቲ ከመጠበቅ ይሻላሉ። ግን ሁሉም ሰው አንድ ፋብሪካ ላይ ከተንጠለጠለ ያ ፋብሪካ ለጥገና ሲቆም ሁሉም ይቆማል። አሉም ደግሞ የመጠጥ ውኃ ድርጅቶችም ይፈልጉታል፤ እጥረት ሲኖር ቅድሚያው ለእነሱ ነው፣ መሆንም አለበት። ኮስቲክ ሶዳውስ? ጥሬ ዕቃው ከአብያታ ሐይቅ ውኃ የሚወጣው ሶዳ አሽ ነው። አብያታ ሐይቅ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው፣ ሞጆን ለማጽዳት አብያታን መጨረስ እንደማይሆን ይገባዋል። የአገር ውስጡም ከውጭ የሚገባውም ጎን ለጎን መኖር አለባቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው። በአዋጅ 299/1995 መሠረት አዲስ ፋብሪካ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያቀርባል። ሰነዱ የማጣሪያውን ሥዕል ያሳያል። ኬሚካሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ዋናው አቅራቢ ቢቀር ማን እንደሚተካ ግን አብሮ ይጠየቅ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማጣሪያ ፍሳሹን ወደ ሐይቁ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተብሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት የቆመው በሜምብሬን ላይ ነው። ቴክኖሎጂው በረቀቀ ቁጥር የሚፈልገው ዕቃ ከሩቅ ይመጣል። የሲሚንቶውም ያው ነው። ሙቀት የሚችለው የአቧራ ከረጢት ሲጠፋ ፖሊስተር ቢገጠምለት፣ ከ150 ዲግሪ በላይ በሆነ ጋዝ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው።

ለነባር ፋብሪካ ደግሞ አነስተኛ ክምችት ይወሰንለት። ለሁሉም ዕቃ የሦስት ወር ክምችት ይኑር አልልም። ከአዋሽ መልካሳ የሚመጣ አንድ ወር ይበቃዋል። በመርከብ የሚመጣ ስድስት ወር ሊያስፈልገው ይችላል። መለኪያው ዕቃው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይሁን። ክምችቱ ከመጠኑ ሲወርድ ፋብሪካው ለእናንተ ያሳውቅ። አስቀድሞ ያሳወቀና ደብቆ የለቀቀ ደግሞ እኩል አይቀጡ። አሁን እኩል ናቸው፤ ስለዚህ የሚያሳውቅ የለም።

ዝርዝሩና መጋዘኑ ጊዜ እንደሚወስዱ አውቃለሁ። የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ፊርማ ይፈልጋሉ። የስቶር ካርድ ማየት ግን የማንንም ፊርማ አይፈልግም። ተቆጣጣሪዎቻችሁ በያዙት ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። በሚቀጥለው ጉብኝት እኛም ጋ ይጀምሩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በሞጆ ከተማ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
ለጉምሩክ ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ