ረቂቁን ራስሽ ጻፊው

ልጄ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ነው። የጦሳ ተራራን ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ።

ትናንት ወንድምሽ ደወለ። የግል ዳታ ጥበቃው አዋጅ በ2016 ሲወጣ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። አሁን መመሪያውን የምታረቂው አንቺ ነሽ ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። አስከትሎ ግን አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ናሙና ረቂቅ ልኮልሻል፣ ለሥልጠናም ናይሮቢ ሊወስድሽ ነው አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ረቂቁን ራስሽ ጻፊው።

ጉቦ አልበላሁም ትይኛለሽ። መች እሱን አልኩ? ባለፈው ዒድ አንቺው አይደለሽ ያጫወትሽኝ? አሜሪካ በፈረንጆቹ 1995 በወጣ ሕግ ሎቢስት፣ ለኩባንያ ብሎ ሹም የሚያግባባው ማለት ነው፣ ይመዘገባል፣ ወጪውን በየሦስት ወሩ ያሳውቃል፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ብቻውን በፈረንጆቹ 2024 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ ብለሽኛል። «በቃ ጉዳይ አስፈጻሚ በያቸው» ስልሽ ሳቅሽ። ያ ሁሉ ብር በፖስታ አይታደልም እኮ። አዋቂ ይቀጠርበታል። አዋቂው ደግሞ ሥራ የበዛበትን ሹም ሥራ ያቀልለታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ማቅለል ነው።

እኔ የተሸወድኩት እንዲህ ነው። በወጣትነቴ የገበያ ቀረጥ ደንብ አርቅ ተባልኩ። ጽሕፈት እንጂ ንግድ አላውቅም። አንድ የእህል ነጋዴ፣ አላህ ይዘንለት፣ ጥሩ ሰው ነበር፣ ተጽፎ ያለቀ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «ያግዝህ ብዬ ነው» አለኝ። አምስት ሳንቲም አልሰጠኝም። ቡናውን እንኳ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ገለበጥኩት። ለካ በመኪና የሚያራግፍ አንዴ ከፍሎ ይገላገላል፤ በቁና የሚሸጥ በየቁናው ይከፍላል። አያትሽ ሰኞ ገበያ ማሽላ በቁና ትሸጥ ነበር። ልጇ የጻፈው መሆኑን ሳታውቅ ስትከፍል ኖረች። አልነገርኳትም። አሁን ማን አለና ልንገር?

ወረቀታቸውን አንብቢ፤ ቴክኒኩን እነሱ ያውቁታል። ግን በስልኳ የምትገበያየውን ባለሱቅም ጠይቂ። ማን፣ መቼ እንደላከልሽ ፋይሉ ላይ አስፍሪ፤ አለቃሽም ይወቅ። ናይሮቢውን መሥሪያ ቤትሽ ካልከፈለ ቅሪ! ቅሪ ብያለሁ።

ተቆጣሁሽ አይደል? አብሽሪ፣ የኔ ዓለም።

ቆሎ በአውቶቡስ ልኬያለሁ፤ ነገ ከሰዓት ላምበረት ሄደሽ ከረዳቱ ተቀበይ። የእናትሽን የግፊት መድኃኒት በእሱው መልሺልኝ፣ የድሮውን ዓይነት። ረቂቁንም ራስሽ ጻፊው፣ ቢዘገይም። ሲያልቅ አንድ ቅጂ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አሠርቻለሁ።

አባትሽ፣ ከደሴ