ቆራሌው የወሰደው አዲሱን መጋዝ ነው

አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይንዎት እንዴት ነው? የሐዋሳ አየርስ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን የምታነብልዎት እህቴ ናትና ለእሷም እዚሁ ሰላም ልበላት። እባክሽ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የመሣሪያ ስም ሲመጣ ደግሞ አትዝለዪ።

አባባ፣ ባለፈው እሑድ በስልክ «ያንን አሮጌ ብረት ሁሉ ለቆራሌ ስጪና ቦታ አስለቅቂ፣ ኤሌክትሪኩ ይበቃሻል» ሲሉኝ «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። እሺ ያልኩት ግን ከልቤ አልነበረም። በእርስዎ ላይ ቃል መመለስ ስላልለመድኩ ነው። በጽሑፍ ሲሆን ትንሽ እደፍራለሁና ያልተናገርኩትን ልጻፍልዎት።

ማክሰኞ ዕለት ቆራሌው እውነትም መጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ዘው ብሎ ገብቶ ባንኮው ላይ ያለውን መላጊያ አነሳ፣ በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገና «ከሁለት ኪሎ ያልፋል» አለ። ልክ ነው፣ ያልፋል። በኪሎ ስንት እንደሚሰጠኝም ነገረኝ። እኔ ግን ዋጋውን አልሰማሁትም፤ የማየው እጁን ነበር። መላጊያውን ሲያስቀምጥ በምላጩ በኩል በደረቱ አስተኛው። እርስዎ ቢኖሩ ምን እንደሚሉት አውቃለሁ። እኔም ምንም ሳልለው ሄጄ በጎኑ አጋደምኩት።

ያንን መላጊያ ከወንጂ ይዘውት ሲመጡ እኔ አልተወለድኩም። ታሪኩን ግን ከእማማ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! በ1967 የስኳር ፋብሪካው ሲወረስና ሆላንዶቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሲሄዱ፣ የአናጺ ክፍሉ አለቃ እጅዎት ላይ አስይዘውት እንደሄዱ፣ እርስዎም በጋዜጣ ጠቅልለው በብብትዎት ይዘው እስከ ናዝሬት እንደመጡ። ዘንድሮ 51 ዓመቱ ነው። በነዚህ ዓመታት ከተማችን እንኳ ስሟን ቀይራለች፣ የድሮው ባቡርም ቆሞ ሌላ ባቡር መጥቷል። መላጊያው በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት በር ልጓል።

ብረቱ ላይ ስታንሊ፣ ቁጥር 5፣ ሜድ ኢን ኢንግላንድ የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ስለዚህ መላጊያ ያነበብኩትን ልንገርዎት፣ ደስ ይልዎታል። ከምላጩ ኋላ ያለችውን፣ በጣት እየዞረች ምላጩን ወደ ታችና ወደ ላይ የምታደርገዋን የነሐስ መዘውር አስቦ የሠራት ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስታንሊ የሚባለው ኩባንያ የፈጠራ መብቱን የገዛው በ1869 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል፤ አሠራሩ ግን በዋናው ነገር አልተለወጠም። እኔን የገረመኝ ዕድሜው አይደለም። ዛሬ የሚሠራ አዲስ ምላጭ እዚህ አሮጌ አካል ላይ መግባቱ ነው። አንድ ነገር ሲያልቅበት ያለቀውን ብቻ ይቀይሩለታል እንጂ ሁሉንም አይጥሉትም።

አሁን ለብዙ ዓመት በልቤ የያዝኩትን ልንገርዎት። በ1998 ሥራውን ከእርስዎ ጋር የጀመርኩ ሰሞን፣ ለለቅሶ ወንጂ የሄዱ ዕለት፣ የመላጊያውን ምላጭ አውጥቼ በኤሌክትሪክ በሚሽከረከረው ድንጋይ ሳልኩት። እርስዎ ግማሽ ቀን የሚፈጅብዎትን እኔ በአምስት ደቂቃ ጨርሼ ላስደንቅዎት ፈልጌ ነበር። ጫፉ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያዘ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው እንዴት እንዳማረኝ! ያማረ ብረት የተሳለ ብረት መስሎኝ።

እርስዎ ማታ መጥተው በመብራት አዩት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ድንጋዩን በውሃ እያራሱ፣ ያንን ሰማያዊ ክፍል በእጅዎት ፍቀው እስኪያጠፉት ሦስት ቀን ፈጀብዎት። ሲጨርሱ በኤሌክትሪኩ ድንጋይ አጠገብ አንድ ጣሳ ውሃ አስቀመጡና «ውሃ» አሉኝ፣ አንድ ቃል ብቻ። ያ ጣሳ ዛሬም እዚያው ነው። ዝጎ በተቀደደ ጊዜ ሌላ ተክቼበታለሁ፤ ቦታው ግን ያው ነው።

የሆነውን ነገር በኋላ ተማርኩት። ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ የነበረው ጥንካሬ ይላላል። ቢስሉትም ስለቱን አይዝም፣ ሁለት ጊዜ ሳብ እንዳደረጉት ይደንዛል። ለዚህ ነው አሁን ብረቱን በጣቴ እየነካሁ የምስለው። ጣቴ ሙቀቱን መቻል ካቃተው ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ትናንት ምላጩን ለካሁት። ከእርስዎ እጅ ከገባ ጀምሮ በመሳል ያለቀው ሦስት ሳንቲሜትር አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥ ሦስት ሚሊሜትሩን በአንድ ከሰዓት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ሳልጠይቅዎት 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ አባባ።

የኤሌክትሪኩን ሥራ አላጣጥልም። አርባ ሞራሌ በአንድ ልክ መቁረጥ ሲኖርብኝ፣ ኮምፔንሳቶ ስሰነጥቅ፣ ያለ እሱ ቤተሰቤን አላስተዳድርም። ነገር ግን ክረምት ላይ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት እናት በራቸው በእርጥበት አብጦ አልዘጋ ብሏቸው ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው በዚያው ክፍል ተኝቷል። በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ በመላጊያው ስድስት ሰባት ጊዜ ሳብኩት። ከላዩ የወጣው ልጣጭ እንደ ወረቀት ስስ ነበር፣ ጥምዝምዝ እያለ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሕፃኑ አልነቃም። በሩም ገባ። በቦርሳዬ ይዤ የሄድኩት መላጊያ፣ ካቻቢቴና አንድ መዶሻ ብቻ ነው። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ስሄድ እርስዎን እያሰብኩ ነበር።

የሌሎቹንም ልንገርዎት፣ ሁሉም አሉ። ሞርሳው ከባንኮው ጋር እንደታሰረ ነው፣ ጥርሱን በዘይት አብሼለታለሁ። የእጅ ትራፓኖው መብራት በጠፋ ቁጥር ይወርዳል። ፒንሳው ያው ነው። የመዶሻው ዛቢያ ባለፈው ዓመት ተሰንጥቆ ነበር፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ የደረቀ ወይራ ፈልጌ፣ ጠርቤ፣ የተልባ ዘይት አጠጥቼ ተካሁለት። የኑግ ዘይት ብረት ላይ እንዳይቀባ ማለትዎንም ለለማጁ ልጅ ነግሬዋለሁ፣ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጣበቃልና። የእማማ ሙቀጫም እዚሁ ሥራ ቤት ነው። ቡና የምንወቅጠው በእሱ ነው። ከዋንዛ የጠረቡላትን አፉን በአውራ ጣቴ ስዳስሰው እሷን ያየሁ ይመስለኛል።

ግን ዋናው የመጋዙ ነገር ነው፣ አባባ።

አምና ጥርሳቸው ጫፍ ጫፉ ላይ ጠቆር ካሉት አዳዲስ መጋዞች አንዱን ገዝቼ እንደነበር አልነገርኩዎትም። እንደ ምላጭ ይቆርጥ ነበር፣ አልዋሽም። ወራት ሠራሁበት። ከዚያ ደነዘ። እኔም እንደ ልማዴ ሞርሳው ላይ አስሬ፣ ባለ ሦስት ጎኑን ሞረድ ይዤ ልስለው ስል ሞረዱ ተንሸራተተ። አንዲት ጭረት እንኳ አልተወም። ለካስ የእነዚህን መጋዞች ጥርስ ፋብሪካው በኃይለኛ ሙቀት ያጠነክረዋል፣ ከሞረድ በላይ እስኪጠነክር ድረስ። ለዚያ ነው ስለታቸው የሚቆየው፤ ለዚያው ነው ከደነዙ በኋላም ማንም የማይስላቸው። ያዘንኩት ለገንዘቤ አይደለም። በእጄ ያለ መሣሪያ «አንቺ ለእኔ ምንም ማድረግ አትችዪም» ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

የእርስዎ መጋዞች እንደዚያ ብለውኝ አያውቁም። ለርዝመት የሚሰነጥቀው ጥርሱ እንደ ትናንሽ መሮ ስለሆነ ሞረዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለአግድም የሚቆርጠው ደግሞ ጥርሱ እንደ ቢላ ጫፍ ነው፣ ሞረዱ ጠመም ብሎ ይያዛል። ይህን እጄን ይዘው ነው ያስተማሩኝ። ጥርሶቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ማዘንበሉንም፣ የሚቆርጡት መንገድ ከመጋዙ ውፍረት ሰፋ ብሎ እንጨቱ መጋዙን እንዳይነክሰው፣ እሱንም አውቀዋለሁ። ጥርሱን ከሥሩ ሳይሆን ከላይ ከግማሹ ብቻ ማዘንበል እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ከሥሩ ያዘነበልኩት አንድ ጥርስ ተሰብሮብኝ ተምሬዋለሁ።

ማክሰኞ ቆራሌው «ታዲያ ምን ልትሰጪኝ ነው?» ብሎ ሲቆም ያንን አዲሱን መጋዝ አውጥቼ ሰጠሁት። ዓመት ያልሞላው ነው። እጀታው እንኳ አልቆሸሸም። እሱን ይዞ ሄደ።

እሑድ የተናገሩትን ደጋግሜ አሰብኩት። ሽጪው ያሉኝ ብረቱን ጠልተው አይመስለኝም። ዓይንዎት ከደከመ ወዲህ ሞረዱን መያዝ እንዳቆሙ፣ ጥርሱ እንደማይታይዎት አውቃለሁ። ለእኔም ሸክም እንዳይሆንብኝ አስበው ይሆናል። አባባ፣ ሸክም አልሆነብኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቤቱን ጠርጌ፣ ሰጋቱራውን አውጥቼ፣ ባንኮው ላይ ተራ በተራ ደርድሬ ሳብሳቸውና ስስላቸው ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ሰዓት ያ ነው። እነዚህ ዕቃዎች 50 ዓመት የቆዩት የእንግሊዝ አገሩ የሼፊልድ ብረት ጥሩ ስለሆነ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በየቅዳሜው እርስዎ ስለተቀመጡላቸው ነው። ይህንን ሰው የሚያውቀው ራሱ ሲቀመጥ ነው፤ እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ።

ታዲያ አንድ የሚጎድለኝ ነገር አለ። ጥርሱን በዓይኔ እያየሁ እስለዋለሁ፤ ግን የእርስዎን ያህል አይሆንልኝም። መጋዙ ሲሄድ ወደ ግራ ይስብብኛል፣ አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ተስሏል ማለት ነው። እርስዎ ይህንን በጆሮ ነበር የሚያውቁት። ጀርባዎትን ሰጥተው በር እየላጉ፣ እኔ ባንኮው ጋ ስሞርድ፣ ዞር ሳይሉ «እሱን ጥርስ ድገሚው» ይሉኝ ነበር። ዞሬ ሳየው እውነትም ያልተነካ ይሆናል። ያኔ እንዴት እንዳወቁት ሳልጠይቅዎት ቀረሁ፤ ሁልጊዜ አጠገቤ የሚሆኑ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ልለምንዎት። የፊታችን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እህቴ ስልኩን ጆሮዎት ላይ ታድርግልዎት። እኔ ሰፊውን መጋዝ ሞርሳው ላይ አስሬ፣ ስልኬን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ከእጀታው በኩል ጀምሬ ጥርስ በጥርስ እሞርዳለሁ። እርስዎ ዝም ብለው ያዳምጡ። ያልገባ ካለ «ድገሚው» ይበሉኝ።

ለማጁንም ልጅ አስቀምጠዋለሁ፣ እሱም ይስማ።

የምትወድዎት ልጅዎት