ቅዳሜ፦ አዳም ስሞል

ሰላም ወዳጆች፣

ቅዳሜ ተገናኝተን የምናወራለት የዚህ ሳምንት ሰው ደቡብ አፍሪካዊው ጸሐፊ አዳም ስሞል ነው። “አፍሪካንስ (ከደች የወጣው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ) የነጮች ቋንቋ ነው” የምትሉ በተለይ እንዳትቀሩ!

ስሞል እ.ኤ.አ. በ1936 በደቡብ አፍሪካ፣ ዌሊንግተን ተወለደ። አባቱ አስተማሪ ነበሩ። የአፓርታይድ መንግሥት “ከለርድ” (ቅይጥ ዘር) ብሎ ከመዘገባቸው ሰዎች ወገን ነው። ፍልስፍና አስተምሯል፤ ግጥምና ተውኔትም ጽፏል።

የሚገርመኝ የመረጠው ቋንቋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በካፕስ ነበር፤ የኬፕታውን ሠራተኛ ሰፈር እቤቱ በሚያወራው አፍሪካንስ። ብዙዎች ካፕስን መቀለጃ አድርገውት ነበር። እሱ ግን ሰው ሲወለድ የሚጮኸውም፣ ሲሞት የሚያቃስተውም በዚሁ ቋንቋ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

የ1965ቱን ተውኔት ርዕስ ብቻ እዩት፦ “ካና ሄይ ኮ ሄይስቱ”፣ ካና ወደ ቤት መጣ እንደማለት ነው። በመደበኛው አጻጻፍ “ኮም ሁይስ ቱ” ይባላል። እሱ ግን አፍ ላይ እንዳለ ጻፈው። ታሪኩም እንደ ርዕሱ ነው፤ ካናዳ ሄዶ ኢንጂነር የሆነ ልጅ፣ ያሳደገችው ማኪት ስትሞት ለቀብር ይመለሳል። ቤተሰቡ ስንት ዓመት ሲጠብቀው ኖሮ! (ውጭ አገር ያላችሁ፣ ትንሽ ይነካችኋል።)

ትልቁን የአፍሪካንስ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ሄርትዞግን፣ ያገኘው በ2012 ነው፤ በ75 ዓመቱ። ዘግይቷል፣ በጣም። በ2016 አረፈ።

ቅዳሜ 10 ሰዓት፣ እንደተለመደው። ቡና በእኔ፣ ቆሎ በእናንተ።