የሞተር ጥገና ክበብ፦ የሴሲል ኪምበር ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የልጆቹ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ እየተሰበሰበ አንድ ሰውና አንድ ሞተር ይዞ ከረመ። ሰውየው ኤምጂ የተባለችውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያስገኙት ሴሲል ኪምበር ናቸው። ሞተሩ ደግሞ በእሳቸው ዘመን፣ በ1939 ቲቢ በተባለችው የኤምጂ ሞዴል ላይ ተገጥሞ የወጣው፣ ከጦርነቱ በኋላም ተከታይዋን ቲሲን ያንቀሳቀሰው ኤክስፒኤጂ ነው፤ 4 ሲሊንደር፣ 1250 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። አንድ የቲሲ ባለቤት ስላዋሱን እናመሰግናለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው የተጀመረው በጋራዥ ሳይሆን በባቡር ጣቢያ ነው። ልጆቹ ለንደን ውስጥ ዘወትር የሚያልፉበት ኪንግስ ክሮስ፣ ኪምበር ያረፉበት ቦታ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1945 ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ ሊድስ የተነሣው ባቡር ከጣቢያው እንደወጣ ዋሻ ውስጥ ገባ። መንገዱ ዳገት ነው፤ በየ105 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል። አዲስ በተተካ ሐዲድ ላይ የሎኮሞቲቩ ጎማዎች ይንሸራተቱ ጀመር። በጨለማው ዋሻ ውስጥ ሹፌሩ ወደ ፊት የሚሄድ እየመሰለው ባቡሩ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። የምልክት ሠራተኛው ወደ ባዶ መስመር ሊያዞረው ሞከረ፤ የመጨረሻው ፉርጎ ግን መጋጠሚያውን ማለፍ ጀምሮ ስለነበር የፊትና የኋላ እግሮቹ በየተለያየ ሐዲድ ሄዱ፤ ፉርጎው ተገልብጦ ምልክቶቹን ከተሸከመው የብረት መዋቅር ጋር ተጋጨ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ አንደኛው ኪምበር ነበሩ። የጎማና የሐዲድ መያያዝ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም፤ ልጆቹም ዝም ብለው ነው የሰሙት።

ኪምበር በ1888 ለንደን ተወለዱ። በወጣትነታቸው የሞተር ብስክሌት አደጋ አንድ እግራቸውን ስላሳጠረው ዕድሜ ልካቸውን ያነክሱ ነበር። በ1921 ኦክስፎርድ ወደሚገኘው ሞሪስ ጋራዥስ በሽያጭ ኃላፊነት ገቡ፤ በዓመቱ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ኤምጂ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ጋራዥ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። እንደ ብዙዎቹ ስመ ጥር የመኪና ሰዎች ሁሉን ከባዶ አልጀመሩም። የሞሪስን ተራ ሻሲ ወስደው ባሌስትራውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የመሪውን ዘንግ ያጋድላሉ፣ ቀላልና ውብ አካል ያስገጥማሉ። በ1929 ለገበያ የቀረበችው ኤም ታይፕ ሚጅት 847 ሲሲ ሞተር፣ በጨርቅ የተለበጠ የኮምፔንሳቶ አካል ነበራት፤ ዋጋዋም 175 ፓውንድ። በእኛ ግምት የኪምበር ችሎታ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ሁሉ ያለውን ዕቃ ይዞ ሰው የሚወደውን ነገር መሥራት።

ጌይደን በሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ልጆቹ በ1925 የተሠራችውን «አሮጌዋ ቁጥር አንድ» የተባለችውን የኪምበር መኪና፣ ሰሌዳዋ ኤፍሲ 7900 የሆነውን፣ አዩ። ኪምበር በዚያው ዓመት በፋሲካ ሰሞን በላንድስ ኤንድ ውድድር ራሳቸው ነድተዋት ወርቅ አግኝተውባታል። የሞተሯ አምራች ሆችኪስ ይባላል። ይህን ስም ያዙልን፤ ወደ እኛው ሞተር የሚያገባን እሱ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከአንዲት ቡለን ነው። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ ስንፈታ 13 ቁጥር መፍቻ አልገባም አለ። 14 ቁጥር ገባ፣ ግን ይዋልላል፤ በዚያው ቢጠመዘዝ የቡለኑን ጠርዝ በልቶ ክብ ያደርገዋል። ትክክለኛው ዊትዎርዝ በተባለው የድሮ የእንግሊዝ ልኬት ሩብ ኢንች የሚባለው መፍቻ ነው፤ ሩብ ኢንች የአፉ ስፋት አይደለም፣ አፉ ወደ 13.3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ልጆቹ ቡለኑ እንግሊዛዊ ነው ብለው ደመደሙ። ፈትተው ጥርሱን ሲለኩት ግን ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ራሱ የእንግሊዝ፣ ጥርሱ የፈረንሳይ!

ምክንያቱ ይኸው ነው። ሆችኪስ የፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሲሆን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮቨንትሪ ቅርንጫፍ ከፈተ። ማሽኖቹ የሚቆርጡት በሜትሪክ ነበር። ሞሪስ በ1923 ፋብሪካውን ከነማሽኑ ገዛው፤ ጥርሱ እንደነበረ ቀጠለ። የእንግሊዝ ጋራዥ በእጁ ያለው የዊትዎርዝ መፍቻ ስለሆነ ራሱን ለዚያ አስማሙት። እኛም ብንሆን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ባልቦላ እያልን ነው ሞተር የምንፈታው፤ የጣልያንኛ ስም በአማርኛ አፍ። ልጆቹ ነገሩ ወዲያው የገባቸው ለዚህ ይመስለናል።

ችግሩ የሚመጣው ሲገጠም ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ተራ ባለ 8 ቡለን የጥርስ ርቀቱ 1.25 ነው። ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ይጠብቃል። ጀማሪ «ዝገት ነው» ብሎ በመፍቻ ሲገፋው የብሎኩን ጥርስ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ ቀዳዳውን አስፍቶ የሽቦ ጥርስ ማስገባት ብቻ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቡለኑን ከማስመሪያ ጎን አስተኝቶ 10 ጥርስ መቁጠር። 10 ሚሊ ሜትር ላይ ካለቀ የኛ ነው፤ 12.5 ላይ ካለቀ ይመለስ። የክበቡም ሕግ ሆኗል፦ ማንኛውም ቡለን በጣት ብቻ ቢያንስ አምስት ዙር ሳይገባ መፍቻ አይነካውም።

ካርቡራተሮቹ ኤስዩ የተባለው ዓይነት ናቸው። በውስጣቸው ያለው ፒስቶን በአየሩ መሳብ ይነሣል፣ ከሥሩ ያለችው ሾጣጣ መርፌም አብራ እየተነሣች የቤንዚኑን ቀዳዳ ትከፍታለች። ፒስቶኑና ክዳኑ ጥንድ ሆነው የተገጣጠሙ ስለሆኑ የአንዱን ለሌላው ማቀያየር ፈጽሞ አይቻልም፤ ፒስቶኑ መንገድ ላይ ይያዛል። ለዚህ አንዱን በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ ክር አሰርን። በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፣ በማጽጃ ፈሳሽና በጨርቅ ብቻ ይጸዳል። ሲገጠም ፒስቶኑን አንሥቶ መልቀቅ ነው፤ «ቀጭ» ብሎ ካረፈ መርፌዋ መሐል ላይ ናት። ካልተሰማ ጎን ትነካለች፣ እንደገና ይስተካከል። በፒስቶኑ ዘንግ ውስጥ ቀጭን ዘይት፣ ቁጥር 20፣ ከዘንጉ አፍ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሞላል። ዘይቱ ከጎደለ ቤንዚን ሲሰጠው ፒስቶኑ በአንዴ ይዘላል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይደናቀፋል።

ሞተሩ ሲሠራ ፒስቶኑን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማድረግ የድብልቁን ነገር ይነግረናል። ፍጥነቱ ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል፤ ወዲያው ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ከተረጋጋ ልክ ነው።

ከማስነሣቱ በፊት አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። የዚህ ሞተር የዘይት ፓምፕ ጎኑ ላይ፣ ከዘይቱ ልክ በላይ የተሰቀለ ነው። ገንዳው ከተራቆተ ወይም ሞተሩ ብዙ ከቆመ ፓምፑ አየር ብቻ ይይዝና መሳብ ያቅተዋል። ገንዳው ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ያለ ዘይት ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ የፓምፑ መዝጊያ ተከፍቶ ዘይት በእጅ ይሞላበታል፤ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው ሞተሩ በማኑዌላ (በእጅ ማዞሪያ) ይዞራል፤ የግፊት መለኪያው ሲንቀሳቀስ ብቻ ካንዴላዎቹ ይመለሳሉ።

ኪምበር ይህ ሞተር የተገጠመላትን ቲሲ አላዩም። በ1941፣ ያለ በላዮቻቸው ፈቃድ የአውሮፕላን ሥራ ተቀብለዋል ተብሎ ከገነቡት ድርጅት ተሰናብተው ነበር፤ በሞቱበት ቀንም የሚሠሩት ለአንድ ፒስቶን አምራች ነው። ቲሲ የወጣችው እሳቸው ካረፉ ከወራት በኋላ፣ በዚያው በ1945 ሲሆን እስከ 1949 ድረስ 10,000 ያህል ተሠርታለች። አቢንግደን የሚገኘው የኤምጂ መኪና ክለብ ጽሕፈት ቤት ዛሬ ኪምበር ሃውስ ይባላል።

ሞተሩ በሰኔ ተነሥቷል። ለባለቤቱ ሲመለስ ትርፍ ቡለኖቹ በአንድ ቆርቆሮ ሣጥን አብረውት ይሄዳሉ፤ በሣጥኑ ክዳን ላይ ልጆቹ በአማርኛ «ራሱ የእንግሊዝ፣ ጥርሱ የፈረንሳይ፣ 8 በ1.0» ብለው ጽፈውበታል።