ዋንዛውን አትሽጭው

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የሚያነብልሽ ልጅ አይቸኩል፤ ረጋ ብሎ ያንብብልሽ።

ባለፈው ስለ ታናሼ «ያን ልጅ ከመጋዝ ጋር አገናኘሽው አሉ፤ እጁን ቢቆርጠውስ?» ብለሽ ስትቆጪኝ ስልኩ ተቋረጠ። እጁን አይቆርጠውም፤ እንጨቱ መጀመሪያ ጨብጦ በሚይዘው ብረት፣ በሞርሳ ይታሰራል፣ ሁለቱም እጆቹ መጋዙ እጀታ ላይ ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አናጢ የሥራ ቤቱን ይለቅልናል። ኦቲዝም ያለባቸው ሰባት ወጣቶች ይመጣሉ፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ የቤተሰብ ሰው አለ። እኛም ቁጭ ብለን አናይም፤ አብረን እንሠራለን።

የመጀመሪያው ቀን ክፉ ነበር። ገና በሩ ላይ ስንደርስ የኤሌክትሪክ መጋዙ ሲጮኽ ታናሼ ጆሮውን ይዞ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ሁለተኛ አልመለስም ብዬ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አናጢው ግን ደወለልኝ፤ ከእንግዲህ ልጆቹ ሲመጡ ማሽን እንደማይነሳ፣ በእጅ መጋዝና በመላጊያ ብቻ እንደሚሠራ ነገረኝ። እኛ ከቁብ የማንቆጥረው ድምፅ እሱን እንደሚያመው የገባኝ ያኔ ነው። ወፍጮ ቤት ስንወስደው መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮኽ አልነበር? እኛ ጥጋብ መስሎን ገረፍነው። እማዬ፣ ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ግድግዳው ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ተስሏል፤ መሮው ከሥዕሉ ላይ፣ መዶሻውም ከሥዕሉ ላይ ይሰቀላል። ሥራውም በየተራው በሥዕል ተለጥፏል፤ መለካት፣ መቁረጥ፣ መላግ፣ መብሳት። ታናሼ አይናገርም እንጂ ቀጥሎ የሚመጣውን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። አንድ ቀን አናጢው መሮውን ረስቶ ኪሱ ከተተው። ልጅሽ ባዶው ሥዕል ፊት ቆመ፤ መሮው ተመልሶ እስኪሰቀል ንቅንቅ አላለም።

ከሁሉ የሚወደው በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ከሻካራው ከ80 ቁጥር ይጀምርና በ120 አድርጎ እስከ ለስላሳው 220 ይሄዳል። እኔ «ለሰለሰ» ብዬ ስተወው እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳብሰዋል፤ እኔ ያላገኘሁትን ሻካራ ጣቱ ያገኘዋል፣ እንደገና ያሻል። ቀኑን ሙሉ የነጠላሽን ጫፍ ሲያሽ «ተው!» ስንለው የኖርነው ያው እጅ ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጨርሷል። ሦስት እግር ስለሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይነቀነቅም፤ ለምድጃሽ ዳር አስቀምጬልሻለሁ።

ይድናል ብዬ አልዋሽሽም። አሁንም አይናገርም፣ ሰው ሲበዛም ይጨነቃል። ግን «በእኔ ኃጢአት ነው» ማለቱን ተዪልኝ። ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ልጆች ከጻፈ በኋላ በፈረንጅ አገር ሐኪሞቹ ራሳቸው «እናት ፍቅር ነፍጋው ነው» እያሉ ለብዙ ዓመት እናቶችን አስለቅሰዋል። ስህተት መሆኑ ኋላ ታወቀ። አእምሮው ሲፈጠር ጀምሮ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ ነገር ነው። እርግማንም ቡዳም አይደለም። ጠበል መውሰድሽን አልነቅፍም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ማስገባታችን ነው የሚቆጨኝ። አዲስ አበባ ዘሚ የኑስ የምትባል እናት ልጇን አልደበቀችም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። እሷ በ2021 ብታርፍም ስንቷን እናት ከነልጇ ከጓዳ አውጥታለች።

ሥራ ሲያበቃ ሰጋቱራውን ጠርገን ቡና እናፈላለን። ከደጀን የምትመጣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሰው ፊት ቡና ስትጠጣ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችን። «ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል?» የሚለውን ያንቺን ጥያቄ ያልያዘ ወላጅ የለም። እኔ አለሁ፣ እማዬ። ደግሞም እኔ ብታመም በሩን አንኳኩተው የሚወስዱት፣ ምን እንደሚያስደነግጠው የሚያውቁ ስድስት ቤተሰቦች አሉ። ዓምና ይህ አልነበረንም።

አሁን ልመናዬን ስሚኝ። ከጓሮ የወደቀውን ዋንዛ ነጋዴ ጠይቆሻል አሉ። አትሽጭው። አጎቴ ሳንቃ አድርጎ ይሰንጥቀውና ጥላ ሥር ይደርድረው፤ በየመካከሉ ቀጭን ጭራሮ ያግባበት፣ ነፋስ እንዲያገኘው። ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። ቆጡ ላይ ያለውን የአባቴን መሮም ፈልጊልኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ ከብቸና በማለዳው መኪና ተነሺ። የሥራ ቀሚስሽን ያዢ። ሞርሳው አጠገብ፣ ከእሱ ጎን ያለው ቦታ የእኔ ነው፤ ያን ቅዳሜ ላንቺ እለቅልሻለሁ።

ልጅሽ